ከጣውላው ኋላ ስላለው አንድ ስንዝር

የካቲት 17 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለከፍተኛው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሊቀ መንበር
ጎንደር

ጉዳዩ፦ አሠሪዬ አቶ በድሩ ዐብዱረሕማን እንዲታሰሩ ምክንያት የሆነው የግድግዳ ክፍተት የሥራችን ደንብ እንጂ መደበቂያ አለመሆኑን ስለማስረዳት

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር፣

1ኛ. እኔ አመልካች የተወለድሁት በሰሜን አውራጃ በጃናሞራ ነው። አራተኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ አባቴ በመሞታቸው ወደዚህ ከተማ ወርጄ ከአቶ በድሩ ዘንድ ሥራ ገባሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከእሳቸው ቤት በቀር በዚህ አገር መጠጊያ የለኝም።

2ኛ. ጥር 23 ቀን የአሰሳ ጓዶች በወይዘሮ እቴነሽ ላቀው ቤት ያለበስነውን የጣውላ ግድግዳ ነቅለው፣ በጣውላውና በድንጋዩ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት አገኙ። ከሰጋቱራ በቀር ከውስጡ የወጣ ነገር የለም። ሆኖም «የፀረ አብዮተኞች ወረቀት ማኖሪያ ነው» ተብሎ አቶ በድሩ ተያዙ።

3ኛ. ክፍተቱ የሚተወው ድንጋይ በክረምት ስለሚያልበው ነው። ጣውላው ከድንጋዩ ከተጠጋ በሁለት ዓመት ይበሰብሳል። «ግድግዳው እንዲተነፍስ ነው» ብዬ ላስረዳ ብሞክር አንዱ ጓድ «ለግድግዳ ደግሞ ሳምባ ማን ሰጠው?» ሲሉ ሌሎቹ ሳቁ።

4ኛ. የሙያ ማስረጃ አምጣ ተባልሁ። አናጢዎችም ግንበኞችም «የእኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ። የአቶ በድሩ ሥራ በመዝገብ ስም ስላልተገኘለት «ሙያ የሌለው፣ ሥራው ሽፋን የሆነ» ተብሎ ተጻፈባቸው። አባታቸው ግን የመኳንንቱን ድንኳን ከውስጥ በግምጃ ያለብሱ ነበር። እሳቸውም በጣሊያን ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ጣውላና ኮርኒስ መምታት ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ በየት እንደሚገባ፣ አልጋው ከየት እንደሚሆን፣ መጋረጃው እስከ ምን እንደሚወርድ አይተው የሰው ቤት ሲያሰናዱ ኖረዋል። ሥራዎ ምንድን ነው ሲባሉ «ቤት አልባሽ ነኝ» ይላሉ። ስሙ በመዝገብ ባይኖርም ሥራው ከአባት የወረደ ነው።

5ኛ. ይህን መጻፍ ያስፈራኛል። አያ በድሩ ሲያዙ «ልጁ ምስማር ከማቀበል በቀር የሚያውቀው የለም» ብለው እኔን ከመያዝ አስቀሩኝ። እውነት አይደለም። ክፍተቱን በስንዝሬ የለካሁት፣ ጣውላውንም የመታሁት እኔ ነኝ።

6ኛ. ባለቤታቸው ወይዘሮ ራቢዓ በየቀኑ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ያደርሱላቸው ነበር። የካቲት 13 ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብለው አገልግሉን እንደ ሞላ ይዘው ተመለሱ። ምክንያቱን የነገራቸው የለም። እኔም ልጠይቅላቸው ሄጄ ከበሩ ሳልደርስ ተመለስሁ።

ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ የሠራንባቸውን ቤቶች ልዘረዝር አልቻልሁም፤ ቤተሰብ ይኖርባቸዋልና። ነገር ግን አምና የእርስዎን ቢሮ ያለበስነው እኛው ነን። ከወንበርዎ በስተ ኋላ ያለው ጣውላ ቢነሣ ያው አንድ ስንዝር ይገኛል። ሳይሰነጠቅ ማንሣት ግን እኔ አልችልም፤ የሚችሉት አቶ በድሩ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ በጥበቃ ሥር ሆነውም ቢሆን እሳቸው ራሳቸው መጥተው በፊትዎ እንዲያነሡት፣ እኔም መዶሻውን ይዤ በር ላይ እንድጠብቃቸው እንዲፈቀድልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ።

ኢትዮጵያ ትቅደም
ከአብዮታዊ ሰላምታና ከአክብሮት ጋር

ካሣዬ ነጋ
(ፊርማ)