የአባባ አዲስ ዱላ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ድራይቨሬ፣ ያ ረጅሙ የጎልፍ መምቻ ዱላዬ፣ ጠፋ። ነገ ጠዋት የጎልፍ ውድድር አለብኝ። ሱቅ ውስጥ ስንቱን ዱላ ወዝውዤ የመረጥኩት፣ ኳሷን ወደ ቀኝ ሳያጣምም የመታልኝ የመጀመሪያው ነው። መኪናውን ፈተሽኩ፣ አልጋ ስር ሳይቀር አየሁ። የለም።

ከሰዓት በኋላ ሚግዳል የሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ አባቴን አገኘኋቸው። ከጓደኞቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። ድራይቨሬን ገልብጠው፣ ወፍራም ራሱን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ የጎማ እጀታውን አስፋልት ላይ ተክለውታል።

«ልጄ ነው የገዛልኝ፤ ሲይዙት እንዴት ይቀላል!» ይላሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «በር ላይ አስቀምጠህልኝ አገኘሁት። ተባረክ» አሉኝ።

ከሽማግሌ እጅ ዱላ እንዴት ይነጠቃል? ለዚያውም ሰው ፊት!

«በሴደር» አልኩ በዕብራይስጥ፤ «እሺ አባባ፣ ይመችዎት።»

ነገ በአሮጌው እመታለሁ፤ ኳሷም እንደ ልማዷ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። አሁን የጨነቀኝ ግን እሱ አይደለም። ወደ ሰፈራችን ወደ አቲቆት አብረን ስንመለስ በየእርምጃው ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። አባባ ዱላ የሚይዙት ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን ሰቅለውበት ነበር። መሬት ሲነካ አይቼ አላውቅም።

ከትከሻቸው የወረደው መቼ ነው?