ወይዘሪት ቤታችን ከገባች ወዲህ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም አላስቀምጥ ብሎሻል? የባልሽ ሳል፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ናፍቆታችሁ ሆዴን ባር ባር ቢያሰኘኝም እኔም ባለቤቴም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን ስለ ጤናችን ነው እንጂ እኔስ ቅናት ሊደፋኝ ነው። የምቀናው በሴት ቢሆን ኖሮ ሳላፍር እነግርሽ ነበር። በጥንቸል ነው የቀናሁት።

አማቴ ወድቀው እጃቸው ከተሰበረ በኋላ ብቻቸውን መኖር ስላልቻሉ ባለቤቴ ወደኛ አመጣቸው። በደህናው እጃቸው ሻንጣ ይዘው፣ ነጭ ጥንቸላቸውን ደግሞ ባለቤቴ በቅርጫት ተሸክሞላቸው ገቡ። ስሟ ወይዘሪት ነው። የኔን ጥንቸል አመዶን ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስተኩስ ውዬ ስገባ የቁልፌን ድምፅ ሰምቶ እየዘለለ በር ላይ የሚቀበለኝ፣ ተረከዜን የሚልሰኝ እሱ ነው። በዚች ከተማ እኔን ብሎ የሚሮጥ ሌላ ማን አለኝ?

ባለቤቴ ለሁሉ ነገር ቸኩሎ የለ፣ “እሱ የተኮላሸ፣ እሷም ማህፀኗ የወጣ፤ ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?” አለና ሁለቱንም ሳሎን ምንጣፉ ላይ ለቀቃቸው። ምን ልበልሽ፣ ተጠቅልለው እንደ ኳስ ተንከባለሉ፤ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ በነነ፤ የወይዘሪት ጆሮ ደማ። አማቴ “ልጄን ልታስገድሉብኝ ነው!” ብለው ጮኹ። እኔ ግን፣ እትዬ፣ በሆዴ ደስ አለኝ። አበጀህ አልኩት።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ባለቤቴ በዚች ጠባብ ቤት ሁለቱን ለያይተን ማኖር እንደማንችል፣ ካልተስማሙ አንዱ ለሥራ ባልደረባው እንደሚሰጥ ነገረኝ። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የእናቱን ጥንቸል ከእናቱ አይለይም። ስለዚህ ካልተዋደዱ አመዶን ላጣው ነው፤ ከተዋደዱም ላጣው ነው።

የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ሄድን። መኮላሸት ጠቡን ቢያበርደውም ጥንቸል ግዛቱን ለእንግዳ እንደማይለቅ፣ ቀስ በቀስ ማለማመድ እንደሚያስፈልግ ነገረችን። በመሃላቸው የሽቦ መረብ አቁመን ጎን ለጎን አኖርናቸው። ጠረናቸውን እንዲላመዱ የሚተኙበትን ጨርቅ አለዋወጥን፤ ሰላጣውንም መረቡ ሥር፣ አፍንጫ ለአፍንጫ እየሆኑ እንዲበሉ አደረግን። ሽቦውን መንከስ ሲተዉ ሁለቱም ረግጠውት በማያውቁት ክፍል፣ በመታጠቢያ ቤት፣ ለአጭር ለአጭር ጊዜ ማገናኘት ጀመርን።

ዳኞቹ እኔና አማቴ ነበርን። እኔ የባለቤቴን ወፍራም ጓንት አጥልቄ ወለሉ ላይ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ። ጥንቸሎቹ ይሳደዳሉ፣ እኛ እንናቆራለን። “የኔ ልጅ ጨዋ ናት፣ ባለጌው ያንቺው ነው” ይሉኛል። እኔም “እማማ፣ አኳኋኗ ነው የሚያናድደው” እላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ወይዘሪት ቀስ ብላ መጥታ አመዶ ፊት አንገቷን ደፋች። ሊነክሳት ነው ብዬ እጄን አዘጋጀሁ። እሱ ግን አሸተታት፣ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ ግንባሯን ላሳት። ደግሞ ላሳት። አማቴ “ላሳት! ላሳት!” እያሉ በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን መቱ። እኔ አለቀስኩ። እሳቸው የደስታ መሰላቸው።

አሁን መረቡ ተነስቷል። ከሥራ ገብቼ በሩን ስከፍት የሚመጣ የለም። አገጩን ጀርባዋ ላይ ጥሎ ተኝቶ አንድ ጆሮውን ብቻ ያነሳልኛል፤ ያውም ለይሉኝታ።

ትናንት ታዲያ ስገባ አማቴ የካሮት ቅጠል ይዘው “ወይዘሪት፣ ነይ እንጂ” እያሉ ሲለማመጡ አገኘኋቸው። ዞር ብላም አላየቻቸው። “ድሮ ከጭኔ አትወርድም ነበር። ያንቺው ወንድ ቀማኝ” አሉኝ በቁጣ። “የእርስዎዋ ናት የቀማችኝ” አልኳቸው እኔም። ተፋጠጥን። ከዚያ እሳቸው ቀድመው በሳቅ ፈነዱ፤ ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። “ነይ ቁጭ በይ፣ ቆመሽ ነው የዋልሽው” ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝና የሰዉን ሁሉ ሐሜት አወጋን። ባለቤቴ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ጥንቸሎቹም እኛም ቀና ብለን አላየነውም። “በዚህ ቤት ለኔ የሚነሳ ጠፋ?” ብሎ አኩርፎ እራቱን ራሱ አሞቀ።

ወይዘሪትን ግን አሁንም አልወዳትም። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ በጥንቸል ማልቀሴን ግን አደራ እንዳትነግሪያት። ባልሽን ሳሉን ሳይንቅ ይታከም በይልኝ። ትልቋን አንገቷን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማቴም “እህትሽን ሰላም በያት፣ ያንቺን ምላስ እንዴት ቻለችው?” ብለዋል።

የምትወድሽ ታናሽሽ

ከትንሿ ቤታችን፣ ከሳሎኑ ወለል ላይ
እሁድ ከሰዓት በኋላ