ወደ ቀዩ ቀጠና እንዲመልሱኝ ስለ መጠየቅ

ለክቡር የልብ ምት ቀጠና ማንቂያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የእርስዎ ልብ በየትኛው ቀጠና እንዳለች የሚነግረኝ መሣሪያ ስለሌለኝ፣ እንደ ድሮ ሰው በግምት ሰላም ነዎት ብዬ ነው የምጀምረው፤ ቤተሰብዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ሳልጠይቃቸው የሚያስቡልኝ ኮምፒውተሮችዎም ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ከእኔ ቀድመው እንደሚያውቁት፣ በጣም ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝም ደኅንነቴ ነው።

ክፍልዎ የሚያውቀው የልቤን ምት እንጂ እኔን ስላልሆነ ራሴን ባስተዋውቅ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የምኖረው በአንድ አሮጌ ሕንፃ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከመጋረጃው ወዲህ እሠራለሁ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እተኛለሁ። አላገባሁም፣ አልወለድሁም፤ ነገር ግን እናታችን በልብ ሕመም ስታርፍ ገና የጫማውን ክር ማሰር የማይችል ወንድም ትታልኝ ስለነበር እሱን አሳድጌያለሁ። ወንድሜ ዛሬ በሌላ ከተማ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ሰው ላይ ሊደርስ የሚችለውን መጥፎ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ በመሆኑ፣ ባለፈው ሊጠይቀኝ ሲመጣ የልብ ምት የሚቆጥረውን የመሥሪያ ቤትዎን ሰዓት በእጄ ላይ አስሮልኝ ሄደ። ጽሑፉን ማንበብ እንዳይቸግረኝም ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚናገር ነገር አለ፤ ለዚህም ምስጋናዬ ከልብ ነው፣ የትኛው ቀጠና እንደሆነ ባላውቅም።

አሁን በአክብሮት ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፤ የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ የድሮ ዓይነት ነው። መርገጥ በጀመርሁ ቁጥር ሰዓትዎ ብስክሌት የምነዳ ይመስለዋል፤ ልቤ ሞቅ ስትልም «ስብ ወደሚቃጠልበት ቀጠና ገብተዋል፣ በርቱ» ይለኛል። አንድ ጊዜ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ስሰፋ ውዬ ቀና ስል፣ አገር ያቋረጠ ሰው የሚመሰገነውን ያህል አመሰገነኝ፤ እኔ ግን ከወንበሬ ንቅንቅ አላልሁም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ አፉን ሞልቶ ያመሰገነኝ ደንበኛ ስላልነበረ፣ ይህን ቁጥር ከአቤቱታው ልሰርዘው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሁለተኛ፤ ክርና መርፌ ማገናኘት እያቃተኝ ስለመጣ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድሁ። ምርመራው አልቆ ውጤቴን እስክሰማ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኗ የደከመባት ልብስ ሰፊ ምን ሠርታ እንደምታድር እያሰብሁ እጄ በላብ ርሶ ነበር። ሰዓትዎ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ግሩም ነው፣ በዚሁ ፍጥነት ይቀጥሉ» ያለው ይህን ጊዜ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ «ማንን ነው እንዲህ የሚያበረታታው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «እኔን ነው» ስላት ቦርሳዋን አቅፋ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ውጤቱ መነጽር ቀይሪ ብቻ ሆነ። ይህን የምሥራች የምነግረው ሰው ፈልጌ በአግዳሚው ላይ ግራና ቀኝ ባይ፣ ሰዓቱ ብቻ ወደ ዕረፍት ቀጠና መመለሴን ነገረኝ።

ሦስተኛ፤ የእኔን በር የሚያንኳኳ ብዙ ሰው የለም። ደንበኞቼ ደረጃው ስለሚከብዳቸው ልብሳቸውን ታች ካለው ሱቅ ትተውልኝ ይሄዳሉ፣ ሲያልቅም ከዚያው ይወስዳሉ። ታዲያ አንድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ልቤ ዱብ አለ፤ መቀሴን አስቀምጬ፣ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ቁርጥራጭ ክር አራግፌ፣ ፀጉሬን በእጄ ዳበስ ዳበስ አድርጌ ወደ በሩ ስራመድ ሰዓትዎ «ከባድ እንቅስቃሴ ላይ ነዎት፤ ሩጫ ነው፣ ብስክሌት፣ ዋና ወይስ ሌላ?» ሲል አጣደፈኝ። በሩን ያንኳኳው ፎቅ የተሳሳተ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ሻይ ልጋብዝህ ብለው «ሥራ ላይ ነኝ እኮ እናቴ» ብሎ ይቅርታ ጠይቆኝ ወረደ። በዝርዝራችሁ ውስጥ ሰው መጣ ብሎ መደንገጥ የሚባል እንቅስቃሴ ስላጣሁ «ሌላ» የሚለውን መረጥሁ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰውየው ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ባትጠይቁኝ መልካም ነበር።

አራተኛው ይረዝማልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ፤ ከላይ ያሉትን ሦስቱንም ቢሆን የጻፍሁት ወደዚህኛው ለመድረስ አፍሬ እንጂ የምር ተቀይሜ አይደለም።

የክፍልዎ መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ሰው ዕድሜው በገፋ መጠን ለልቡ የሚፈቀድላት ምት እያነሰ ይሄዳል፤ ለወጣት አረንጓዴ የሆነው ለአሮጊት ቀይ ነው። ወንድሜ ሰዓቱን ሲያስተካክልልኝ የተወለድሁበትን ዓመት አልጠየቀኝም፤ አውቀዋለሁ ብሎ በራሱ ሞላው። እሱን ማሳደግ ስጀምር እኔ ራሴ ገና ልጅ ነበርሁ፤ ይሁን እንጂ ለልጅ ያሳደገው ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ትልቅ ሰው ነውና፣ ወንድሜ በዕድሜዬ ላይ ሌላ አንድ ጎረምሳ የሚያህል ዕድሜ ደርቦልኛል። በዚህ የተነሣ የጨርቅ ጥቅል ተሸክሜ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ሰዓቱ ቀልቶ ይጮሃል፤ ወዲያውም «የቅርብ ሰው ማስጠንቀቂያ» የምትሉት መልእክት ወንድሜ ስልክ ላይ ይደርሳል፤ ወንድሜም ይደውላል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ክፍል ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ። ወንድሜ ይደውል ነበር። «እትዬ፣ ምን ሆንሽ?» ይለኛል ነፍሱ ሳትመለስ። ጨርቅ ይዤ ደረጃ ወጥቼ ነው ስለው «ስንቴ ልንገርሽ፣ ለሰው አሸክሚ!» ብሎ ይቆጣኛል፤ ቁጣውን ከማን እንደተማረው ሳስታውሰው ይስቃል። ከዚያ በኋላ ስለ አለቃው ያማኛል፣ የሸሚዙን አንገት ልብስ አጣቢዎች እንዴት እንዳበላሹበት ይነግረኛል፤ አፉ ውስጥ ምግብ እንዳለ ከሰማሁ ምን እየበላህ ነው እለዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ወሬያችን ያልቅና ስልኩ ሳይዘጋ ዝም እንላለን፤ እሱ ወረቀቱን ያገላብጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። በሳምንት ውስጥ የማመጣው ጨርቅ በአንድ ምልልስ የሚያልቅ ቢሆንም፣ ትንሽ ትንሹን እየለየሁ ማመላለስ የጀመርሁት ለዚሁ ነው።

እንዲህ ስንኖር የሰዓቱ ማሰሪያ ተበጠሰ። በገዛ እጄ ብሰፋው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ ነገር ግን ጎማ ስለሆነ መርፌ አልይዝ አለኝና ወደ መሥሪያ ቤትዎ ደወልሁ። ያነጋገረችኝ ሠራተኛዎ እጅግ ትሑት ነበረች። ማንነቴን ለማረጋገጥ የተወለድሁበትን ዓመት ጠየቀችኝ፤ ለማሰሪያ የሚዋሽ ነገር ስላልመሰለኝ እውነቱን ነገርኋት። «እዚህ ያለው እኮ ሌላ ነው» ብላ፣ አስተካክዪልኝ ሳልላት፣ አስተካከለችልኝ። በዚያው ቀን ከዕድሜዬ ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ተቀነሰልኝ። ሌሎች ሴቶች ለዚህ ምን እንደሚያወጡ ስለማውቅ ላመሰግንዎት እገደዳለሁ።

ከማሰሪያው በፊት ግን መልእክታችሁ ወንድሜ ዘንድ ደረሰ። የእህትዎ ልብ ከጠበቅነው በላይ ጤናማ ሆና አግኝተናታል፣ ከእንግዲህ ማስጠንቀቂያ ካልደረሰዎ ሁሉም ሰላም ነው ማለት ነው የሚል ነበር። ወንድሜ አመናችሁ። ለምን አያምናችሁ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት መጻፍ የእሱም ሥራ ነው። እኔ ጨርቄን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ፤ ሰዓቱ አልጮኸም፣ ስልኩም አልጮኸም። በማግሥቱ ከበድ ያለውን ሱፍ ይዤ ወጣሁ፤ እንደዚያው ነው። ዛሬ ሥራ በዝቶበት ይሆናል እያልሁ ብዙ ዛሬዎች አለፉ።

በመጨረሻ እኔው ደወልሁ። ስብሰባ ላይ ነበረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ሰላም መሆንሽን አውቃለሁ እኮ፤ ጠዋት ጠዋት ስልኬ ላይ አይሻለሁ፣ አረንጓዴ ነሽ» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በየቀኑ ጠይቆኝ የሚውል ነው የሚመስለው። እሱ በየጠዋቱ ያየኛል፣ እኔ ድምፁን ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። ተመስገን ብዬ ስልኩን ዘጋሁ፤ ከዚያም ኮት ላይ የምተክለውን ቁልፍ በተገላቢጦሽ ተከልሁት።

ታዲያ እኔም ቀይ ልሁን ብዬ ተነሣሁ። ሁለት ጥቅል በአንድ ጊዜ ተሸክሜ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ፤ ወርጄ ደግሜ ወጣሁ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ ለውድድር እየተዘጋጁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነገር ግን ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና የረገጠ እግር እንዲህ በዋዛ የሚደክም አይደለም፤ ልቤም የእግሬ ተባባሪ ሆና ተገኘች። ብርቱካናማ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች። እናንተም ይህን ድካሜን አይታችሁ «የሳምንቱ ብርቱ» የሚል ሜዳልያ በሰዓቱ መስታወት ላይ ሸለማችሁኝ፤ ቅጂውንም ለወንድሜ ላካችሁለት። ወንድሜ የአውራ ጣት ሥዕል ላከልኝ። ያሳደግሁት ልጅ ጣት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አየሁት፤ የሰው ሁሉ ጣት ነው።

ለምን ደውልልኝ አትይውም ይሉኝ ይሆናል። ብነግረው ይደውላል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ደውልልኝ ስላለችኝ ነው ብሎ ሰዓት እያየ የሚያወራኝን ወንድሜን አልፈልገውም፤ የምፈልገው ያንን ምን ሆንሽ የሚለኝን ነው። ብቸኛ ነኝ፣ ክቡር ሆይ። ይህን ለወንድሜ ከምነግረው ለማላውቀው መሥሪያ ቤት መንገር ቀለለኝ፤ እሱ ቢሰማ ያዝናል፣ እርስዎ ግን እንደማያዝኑ ተስፋ አለኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የወንድሜ ስህተት ተመልሶ እንዲጻፍልኝና ወደ ቀዩ ቀጠና እንድመለስ ነው። በውሸት ዕድሜዬ ማንንም አልጎዳሁም፤ ያስረጀኝም ካለ ወንድሜ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ይህ ከመመሪያ ውጭ ነው ከተባለም፣ ቢያንስ ለወንድሜ የምትጽፉለትን «ሁሉም ሰላም ነው» የሚለውን ቃል አንሡልኝ። ልቤ በደንብ መምታቷን ለክታችኋል፤ ይህን አልክድም። ሰላም መሆኔን ግን ማንም አልለካም፤ እኔንም የጠየቀኝ የለም።

ላሳያችሁኝ ያልተጠየቀ ቸርነት፣ ለመለሳችሁልኝ ወጣትነት፣ ለሜዳልያውም ጭምር ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እየገለጽሁ፣ የእርስዎም ልብ እስከ ሽምግልና በአረንጓዴ ቀጠና እንድትኖር፣ ነገር ግን በየመካከሉ ደንግጦ የሚደውልልዎ ሰው እንዳያሳጣዎ ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የመሥሪያ ቤትዎ ጤናማ ደንበኛ፣
ልብስ ሰፊዋ፣ ከደረጃው ማብቂያ

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ አዲሱ ማሰሪያ ቆዳዬን ስላሳከከኝ ሰዓቱን ካወለቅሁ ቀናት አልፈዋል። ወዲያ እንዳይወድቅ በአንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ አስሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር፤ ዛሬ ከፍቼ ባየው ጨርቁ ላይ የልብ ምት አግኝቶበታል፣ ያውም የተረጋጋ። ለወንድሜም ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ «እህትዎ መልካም ዕረፍት ላይ ናቸው» ብላችሁ ጽፋችሁለታል፤ እሱም ተረጋግቶ ሥራው ላይ ነው። እንግዲህ እኔ የሞትሁ ዕለት ለወንድሜ የትኛውን ቀለም እንደምትልኩለት ከአሁኑ ቢያሳውቁኝ፣ መገነዣዬን ከዚያው ቀለም እቆርጥ ነበር።