በሟቹ ቁጥር

ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ልጄ ከአዲስ አበባ መጥታ ሥራዋን አጫወተችኝ። ትልቁ ኮምፒዩተር መረጃ የተቀዳበትን ቴፕ የሚያነቡለት መኪኖች አሉት። ለያንዳንዱ ቁጥር የምትሰጠው እሷ ናት፤ ቁጥር የሌለውን ኮምፒዩተሩ አያውቀውም።

«አንዱ ሲሞት አዲሱን በቦታው አቁመን የሟቹን ቁጥር እንሰጠዋለን። ኮምፒዩተሩ ልዩነቱን አያውቅም፣ አባባ።»

ነቃሁባት። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ሽንፋ ከተማ ያለችውን ባሏ የሞተባትን ሴት እንዳገባ ነው የምትፈልገው።

«እኔን ከኮምፒዩተር ቆጠርሽኝ?» አልኋት።

«እሱስ ሲነግሩት ይሰማል» ብላ ሳቀች።

ከሰዓት በዳሱ ጥላ ሸለብ አደረገኝ። ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ የቴፑ መንኰራኩሮች ይሾራሉ። ሟቿ ሚስቴ መካከላቸው ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። «ቦታሽን ለሌላ ልስጠው ወይ?» ብላት፣ ቀና ሳትል «ሽንፋ ሩቅ አይደለም» አለችኝ።

ያለችው እሷ ትሁን የራሴ ምኞት፣ እንጃ። ለልጄ ግን እንቢ እንዳልሁ ነኝ።