እናታችን መጽሔት ላይ የሞተች ጊዜ

ውድ እህቴ ሉድሚላ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኔ ደኅና ነኝ። ፊልም ከተውኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቲማቲሜን እኮተኩታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሕይወት ታሪኬን እጽፋለሁ። አሳታሚው ከልጅነትሽ ጀምሪ ስላለኝ ካደግንበት ከነብራስካ ተነሣሁ። እናታችን የባቡር ሠራተኞችን ልብስ ስታጥብ፣ አንቺ ስትተኩሺ፣ እኔ ከሥራ ሸሽቼ ፀሐይ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መሃል ንግሥት ነኝ እያልኩ ስለፈልፍ። እንደኛ ከቼክ አገር በመጡ ስደተኞች ማኅበር አዳራሽ መጀመሪያ መድረክ ላይ የወጣሁ ዕለት የለበስኩትን ቀሚስ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋሽልኝ አንቺ ነሽ። ይህን ሁሉ ሳልቸገር ጻፍኩት። አንድ ቀን ላይ ስደርስ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለታችንም ሳናነሣው የኖርነው ቀን ነው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከተጓዥ የቲያትር ቡድን ጋር ከቤት ወጣሁ። ሆሊውድ የመጀመሪያ ሥራዬ ከደረጃ መውደቅ ነበር። ዋናዋ ተዋናይ እንዳትጎዳ በእሷ ፈንታ ሰባት ጊዜ ወደቅሁ። በሰባተኛው፣ ተነሥቼ ቀሚሴን ሳራግፍ ዳይሬክተሩ አየኝና "የዚች ልጅ አወዳደቋ ሳይሆን አነሣሷ ነው የሚያምረው" አለ። በሳምንቱ ውል አስፈረሙኝ።

ከዚያ የስቱዲዮው የማስታወቂያ ኃላፊ ሚስተር ክሬል ተረከበኝ። ቦዜና ስትራካ ለአፍ አይመችም ብሎ ዳያን ሎሪንግ አደረገኝ። የልብስ አጣቢ ልጅ መሆኔም አልተዋጠለትም። የኒው ኦርሊንስ ባላባት ልጅ ናት፣ እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታለች ብሎ መጽሔት ላይ አወጣው። አንብቤ ዝም አልኩ። እናታችን እንግሊዝኛ አታነብም፣ አትሰማም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

አንቺ ግን መጽሔቱን ይዘሽ በባቡር መጣሽ። የስቱዲዮው ዘበኛ እንዴት እንዳስገባሽ እስካሁን አላውቅም። የመልበሻ ክፍሌ በር ላይ ስትቆሚ ክሬል አንድ ጋዜጠኛ ይዞ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ነበር። ጋዜጠኛው ማን ናት ብሎ ጠየቀ።

"ልብሴን የምትተኩስልኝ ሴት ናት" አልኩ።

ፊትሽ ምን እንደመሰለ አላውቅም፤ መስተዋቱን ነበር የማየው። አንቺ "አዎ ጌታዬ" ብለሽ ወንበሩ ላይ የተጣለውን ቀሚስ አንሥተሽ ወጣሽ። ይባስ ብሎ አሳምረሽ ተኩሰሽው ኖሮ የስቱዲዮው ልብስ ክፍል ኃላፊ እዚያው ቀጠረችሽ።

የዚያን ዕለት ማታ ራት ስንበላ፣ እናታችን ስለ መጽሔቱ ምን እንዳለች ጠየቅሁሽ። ጎረቤት አንብቦላት "ሞተች አሉኝ? ታዲያ ይሄን ሁሉ ካልሲ ማን እያጠበው ነው?" ብላ መሳቋን ነገርሽኝ። ቀጥሎ ግን ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች አልሽ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስቱዲዮ ውስጥ "ሚስ ሎሪንግ" እያልሽ ስትጠሪኝ ማንም አልጠረጠረም። ከሁለታችን ተዋናይዋ አንቺ ነበርሽ።

በአሥረኛው ቀን ሬዲዮ ላይ ቀረብኩ። ክሬል መልሶቹን ጽፎ ሰጥቶኛል። ጠያቂው ስለ ሟች እናቴ ሲያነሣ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

"እናቴ አልሞተችም" አልኩ። "አንቶኒያ ስትራካ ትባላለች፤ ነብራስካ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። እህቴ ሉድሚላ ደግሞ አሁን ስቱዲዮው ልብስ ክፍል ቆማ እየተኮሰች ነው።"

ስንት ወር ለፍተው ያስተዉኝ የአገር ቤት አነጋገሬ ተመልሶ መጣ። እየሮጥኩ ልብስ ክፍል ስደርስ ሴቶቹ ሬዲዮውን ከበው አንቺን ያዩሻል። አንቺ ካውያሽን እንኳ አላስቀመጥሽም።

"ዕድሜ ላንቺ፣ ከነገ ጀምሮ እያከበሩ ሊያሰለቹኝ ነው" አልሽ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለይቅርታ የመጣሁት ሴትዮ በሳቅ ተመለስኩ።

ክሬል አለቀልሽ አለኝ፤ አምስት ወር ያለ ሥራ አስቀመጡኝ። የሚገርምሽ፣ ያን ሰሞን የተኛሁትን እንቅልፍ ኮከብ ሆኜም አልተኛሁት። ኋላ ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር፤ ከአጣቢዎች፣ ከገበሬ ሚስቶች፣ ስማቸውን ከለወጡ ልጆች። ስቱዲዮው ይህን አይቶ የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት ባልቴት ሆኜ የምጫወትበት ፊልም ሰጠኝ። ሕዝብ የወደደኝ በእሷ ነው። "አጣቢ እንዲህ አትጨምቅም" እያልሽ በዳይሬክተሩ ፊት እጄን ያረምሽው አንቺ ነሽ። እናታችን ፊልሙን አይታ ሳሙናው በዝቷል ብቻ አለች። እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ፤ እስኪያልቅ እጄን አልለቀቀችም።

ለእሷ በሬዲዮ ካስኩ። ላንቺ በአፌ ያልኩሽ የለም። ይቅር በይኝ፣ እትዬ። ያን ቀን ያፈርኩት ባንቺ አልነበረም፤ የፈራሁት ክሬልን ነበር። ቢሆንም የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ምዕራፉን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ፤ ያልተዋጠልሽን ሰርዢው። የፊታችን ሐሙስ በባቡር እመጣለሁና ጣቢያ ጠብቂኝ። ይቺ ማን ናት የሚልሽ ሰው ካለ ደስ ያለሽን መልሺለት፤ ተራው ያንቺ ነው።

እህትሽ
ቦዜና