መቆለፊያውን አስወጥተው «መቆለፊያ ረስቷል» ላሉኝ መርማሪዬ

ለተከበሩ የከርነሉ የባስ ክፍል ኃላፊ፣ በእኛ በታናናሾችዎ ዘንድ «ጋሽ ኮማ» ለሚባሉት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከሺህ መስመር ኮድ መካከል ያለቦታዋ የተቀመጠች አንዲት ኮማ የማታመልጠው ዓይንዎስ ደህና ናት? እኔ እንደነገሩ አለሁ። ይህን ደብዳቤ በግል ሳይሆን ሁሉ በሚያነበው መድረክ ላይ የምጽፍልዎት፣ እርስዎም ባለፈው ሳምንት ስሜን ያነሡት እዚሁ በመሆኑ፣ ውለታ በተዋለበት አደባባይ ቢመለስ ያምራል ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ያሉ የልብ ምት መለኪያዎች ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገሩበት አዲስ የሃርድዌር መስመር፣ በእኛ አጠራር ባስ፣ አለ። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ይህን ባስ እንዲያውቀው ድራይቨሩን፣ ማለትም አገናኙን ኮድ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጻፍ ብለው ያደፋፈሩኝም እርስዎ ነዎት። ማንኛውም ኮድ ወደ ከርነሉ፣ ማለትም ወደ ሊኑክስ እምብርት፣ ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንድ ምራቁን የዋጠ ሰው መርምሮ «አይቼዋለሁ» በማለት ስሙን ከሥሩ ማስፈር አለበት። ያ ሰው እርስዎ እንዲሆኑ ለምኜ እሺ ሲሉኝ፣ ደስታዬን አልችለው ብዬ ለእህቴ ደወልኩላት። ምስጋናዬ እንግዲህ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ፦ የመጀመሪያውን ረቂቅ በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ፣ ቀጣዩን ክፍተቱ ጠበበ፣ ከዚያም በኮዱ ውስጥ ያሉት ስሞች ረዘሙ፣ ሳሳጥራቸው ደግሞ አጠሩ ብለው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። ትዕግሥት ተምሬበታለሁ። ባለቤቴ ግን ሳህን እያጠብኩ ስለ ባዶ ቦታ ብቻዬን ሳወራ ሰምታኝ፣ ሐኪም ቢያየው ይሻላል ብላ ለእህቴ ነግራብኛለች።

፪ኛ፦ በኮዴ ውስጥ አንድ መቆለፊያ ነበረ። ሥራው ቀላል ነው፤ የመለኪያው ገመድ ሲነቀል፣ መንቀሉ እስኪያልቅ ማንም ከዚያ መለኪያ እንዳያነብ በሩን ይዘጋል። እርስዎም፣ በሥራ ላይ ያለ ገመድ የሚነቅል ጤነኛ ሰው የለም፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ አውጣው አሉኝ። ተከራከርኩ። ደግመው አውጣው ሲሉኝ ግን፣ ከራሴ ይልቅ እርስዎን አምን ነበርና አወጣሁት። በማግሥቱ «አይቼዋለሁ» ብለው ስምዎን አሰፈሩ።

፫ኛ፦ እህቴ ነርስ በሆነችበት ክፍል አንድ አዛውንት ገመዳቸውን ነቅለው መጸዳጃ ቤት ሄዱ፤ በሩን የሚዘጋ መቆለፊያ ስላልነበረ ስክሪኑ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ቀረና፣ ባዶው አልጋ ላይ ልባቸው ሳያቋርጥ ሲመታ ታየ። እህቴ ደንግጣ ደወለችልኝ። አዛውንቱ በሰላም ተመልሰዋል፤ እዚያው ወድቀው ቢሆንስ ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ነርሶቹም ስክሪኑን ትተው የእያንዳንዱን በሽተኛ ምት በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰነበቱ። እርስዎ ግን ጸሐፊው ጀማሪ ስለሆነ መቆለፊያ ማስገባት ረስቷል፣ ድራይቨሩም ከከርነሉ ይውጣ ብለው ጻፉ። ረስቷል! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሳነበው ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ መውደቁን አላውቀውም ነበር። መሳሳትዎ አልከፋኝም፤ ኮድ የሚነካ ሁሉ ይሳሳታል። የከፋኝ፣ አብረን የተሳሳትነውን በእኔ ትከሻ ብቻ ጭነው እጅዎን አራግፈው መሄድዎ ነው። ማስተካከያውን፣ ማለትም ያንኑ መቆለፊያ፣ ልኬልዎታለሁ። ድራይቨሩ ከወጣ ይህን ባስ የሚጠቀሙ ሆስፒታሎች ሁሉ የልብ ምት በጣት ሲቆጥሩ ይቀራሉ፤ በደንባችን መሠረት መቀበሉም መጣሉም በእጅዎ ነው።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስምዎም ባላነበቡት ኮድ ሁሉ ሥር በክብር እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፣

«ረስቷል» የተባልኩት ታናሽዎ፣
የድራይቨሩ ጸሐፊ

ተጨማሪ፦ መልስዎ እስኪደርስ ስለ እህቴ ክፍል እንዳያስቡ። እርስዎ ከመመርመርዎ በፊት የነበረውን፣ መቆለፊያው ያለበትን ቅጂ ከእኔ ወስደው ጭነውታል። አዛውንቱ እንደ ልባቸው ገመዱን እየነቀሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እርስዎ ስላላዩት እስካሁን ምንም አልሆነም።