ሦስት ጊዜ የጠገንኩት ማኅተም

ውድ አባቴ፣

ይህን የምጽፈው አባ ላንፍራንኮ ከአሮጌ መጽሐፍ ዳር ቆርጠው በሰጡኝ ብራና ላይ ነው። «ለሰላምታ ይበቃሻል» አሉኝ። ሰላምታ ብቻ እንዳልሆነ አልነገርኳቸውም። ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ስቆም መናገር ያቅተኛል።

ቤተ ክርስቲያናችን ወድቃለች፣ አባዬ።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የደቡቡ ግድግዳ ወደ ውጭ ተንጋለለ፤ አንተ የሠራኸው የድንጋይ ጣሪያም መሐል ለመሐል ተከፍቶ ወረደ። ከስሩ አጎቴ ዊበርቶና ሻማ አብሪዋ ኦታቦና ነበሩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀበርናቸው። የኦታቦና ልጆች «ይምጣ እንጂ፣ ፊት ለፊት ይሰማዋል» ስላሉ ወሬውን ወዳንተ የላከ ሰው የለም።

በረዶው ቀልጦ እናንተ ግንበኞች ሸለቆውን ለቃችሁ ስትወጡ የሰጠኸኝን አደራ ታስታውሳለህ? ሌሎቹ ለልጆቻቸው ፍየል አደራ ይሰጣሉ። አንተ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳዎች ላይ ባሉት ሦስት ቀጫጭን ስንጥቆች ላይ የጣት ያህል ኖራ ለጥፈህ፣ «ይህ ማኅተም ነው ሪኬልዳ። ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው። በየእሑዱ እዪው፣ ከተሰበረ ሮጠሽ ለአጎትሽ ንገሪ» አልከኝ። አጎቴም የጣሪያው ኖራ እስኪጠነክር ብለው ግድግዳውን ከውጭ በግንድ አስደገፉት።

የደቡቡ ማኅተም በሰኔ ተሰበረ። «እዚህ ምንም አይመጣም» ያልከው።

ሮጥኩ። አጎቴ ከድንጋይ ጠራቢዎቹ ጋር ኖራ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጠው አይብ ይቆርሳሉ።

«ወንድሜማ የኮሞን አሮጌ ድልድይ አይቶ መጣና እኔም ሮማዊ ነኝ አለ» ይላሉ። «ሮማውያኑ ድልድያቸውን ተራራ አስደግፈውታል። የሱን ማን ደገፈለት? አያቶቻችን ለእንጨት ጣሪያ ያቆሙት ቀጭን ግድግዳ! እንጨት ይቀመጣል ጎበዝ፣ ድንጋይ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል።»

«ቢያንስ አይቃጠልም» አለ አንዱ።

«እሱስ አይቃጠልም። ሳንቃጠል እንሞታለን።»

ሳቁ። እኔ የእንጨቱ ጣሪያ በተቃጠለ ቀን እናቴን ከውስጥ ተሸክመህ ስትወጣ አይቼሃለሁ። ድንጋዩን ለምን እንደመረጥክ አውቃለሁ። አጎቴ ድንገት ዞረው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ ኖራ የመሰለው?»

«ምንም» አልኩ።

እንዲስቁብህ አልፈለግኩም፣ አባዬ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እነሱ ሲሄዱ ከጉድጓዱ ጥቂት ኖራ በቅጠል ይዤ ሄድኩና በስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት። አሮጌ እንዲመስልም አቧራ ነፋሁበት። በሐምሌ እንደገና ተሰበረ፣ እንደገና ጠገንኩት። በነሐሴም።

የመስቀል ዋዜማ ግድግዳውን የደገፉት ግንዶች ለዑደት የሚያልፈውን ሕዝብ መንገድ ይዘጋሉ ተባለ። አጎቴ ሊያስነሷቸው መጡ። መጀመሪያ ግን የደቡቡን ማኅተም በጣታቸው ዳሰሱት፤ ረጅም ጊዜ ዳሰሱት። እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ።

«ተኝቷል» አሉ። «ግድግዳው ተኝቷል፣ አይሄድም! በሞኝነቴ ወንድሜን ስንት ወር አማሁት።» ሳቁና ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። «ለአባትሽ ላኪለት። ዊበርቶ ተሸነፈልህ በይው።»

ስላንተ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ ለማጥፋት አቅም አጣሁ። ግንዶቹ ተነሡ። አጎቴ የላኩልህን ቃል ይኸው ላክሁልህ፣ ተሸነፉልህ።

አሁን የምጽፍልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ጨው ጫኙ ጋልዲኖ በነሐሴ ከአንተ ያመጣውን መልእክት ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ከተራራው ማዶ፣ አንተ ያለህበት አገር ያሉት ሰዎች ቅስታቸውን ጫፉ ላይ ያሾሉታል አልክ፣ ለጸሎት እንደተገጠመ እጅ። ግድግዳቸውንም ከውጭ በድንጋይ ክርን ይደግፉታል። «ፈሪዎች ናቸው፤ እኔ እዚህ የምሠራው ጣሪያ ግን ክብ ነው፣ እንደ አገራችን፣ ከዚያኛው በሁለት ክንድ ብቻ የሰፋ። በኅዳር መጀመሪያ፣ በቅዱስ ማርቲን ቀን ቀትር ላይ፣ ጣሪያውን የሚሸከመውን እንጨት ከስሩ አወጣለሁ።» እንጨቱ ሲወጣ ደግሞ ዋናው ግንበኛ ከስሩ መቆም አለበት። ወጋችሁ ነው።

አትቁም፣ አባዬ። ፍርስራሹን በክር ለካሁት። ግድግዳው የተሰበረው ከታች አይደለም። ቅስቱ መታጠፍ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። እነዚያ ሰዎች ክርኑን የሚያስገቡት እዚያው ላይ አይደል? እንጨቱን አታውጣ። ፈሪ ሁን። የፈለጉትን ያህል ይሳቁብህ።

ይህን በመስቀል ሳምንት ብጽፈው ይደርስህ ነበር። መንገዱ ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት ክፍት ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ማኅተሙን ማን እንደጠገነው መጻፍ ስለፈራሁ ዝም አልኩ። ጋልዲኖ ትናንት ከተራራው ግማሽ ተመለሰ።

«በቅሎዬ እምቢ አለች፤ እሷ ደግሞ ከእኔ ብልጥ ናት» አለኝ። «በረዶው ሲቀልጥ አደርስልሻለሁ።»

«ከማርቲን በፊት አይሆንም?»

«ልጄ፣ ማርቲን እኮ የዛሬ ሳምንት ነው።»

ብራናውን ለማንኛውም እሰጠዋለሁ። ይህን እያነበብክ ከሆነ ጣሪያህ ቆሟል ማለት ነው፤ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው፣ ከንቱ ይሁን። ካልሆነ ግን የሚያነበው የለም። ክር ይዤ ስለካ የዋልኩት እኔ የትኛው እንደሚሆን አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቆሞ የቀረው የሰሜኑ ግድግዳ ማኅተም ተሰብሮ አገኘሁት። ኖራ አልነካሁም። ሄጄ ለአባ ላንፍራንኮ ነገርኳቸው፤ የሰኔውንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ወጥተው ሰው እንዳይጠጋ ገመድ ዘረጉ።

በማርቲን ቀን ከዚያ ገመድ ውጭ እቆማለሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደ ተራራው ዞሬ አዳምጣለሁ። ከዚህ ምንም እንደማይሰማ አውቃለሁ።

አደራህን ያልጠበቀችው ልጅህ፣
ሪኬልዳ